አማልክቱ እስኪሄዱ የሚጠብቀው ቧንቧ

ለተከበሩ ዳይሬክተር ቡ ጃንግሆ፣
የሰማያዊ ማዕበል የቋንቋ ማሠልጠኛ ባለቤትና ኃላፊ፣

ጃንዋሪ 9 ቀን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ራስዎን ሳያምዎ፣ ወለልዎ ሞቆ፣ መኝታ ቤትዎ የሚገባው አየር ንጹሕ ሆኖ ይህን የብርድ ወራት እንዲያልፉት ከልቤ እመኛለሁ። ለተከበሩ እናትዎም እንዲሁ። ድሮ ለሰው ጤና ስመኝ ዝም ብሎ ከአፌ የሚወጣ ቃል ነበር፤ አሁን ግን ምን ምን መመኘት እንዳለብኝ አንድ በአንድ አውቃለሁ።

ዲሴምበር 2 ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በምሠራበት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። አለቃዬ ስልኩን ይዛ መጣችና «እቴ ግምሱክ፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት፤ አስቀምጪው እሱን» አለችኝ። እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዤ፣ ባልደረባዬ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ስለነበር «ይቺን ልጨርስ» አልኳት። ጨረስኩም። ልጄ ሞታ፣ እኔ ሳላውቅ አንድ አንሶላ አስተካክዬ አጠፍኩ። ከዚያ ስልኩን ስቀበል እርስዎ ነበሩ። የነገሩኝ ሦስት ነገር ነበር፤ መምህርት ናም ዛሬ ክፍል አልገባችም፣ በሩ ተሰብሮ ተከፈተ፣ ትንፋሽ የላትም። በዚሁ ቅደም ተከተል። ከሁሉ በፊት ስለ ክፍሉ በማሰብዎ ሥራዎን ምን ያህል እንደሚወዱ ስለተረዳሁ አመሰግናለሁ።

ዝም ብዬ ሐዘኔን ልይዝ ነበር ሐሳቤ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፣ ጽሑፍም ይከብደኛል፤ ይህቺን ደብዳቤ እንኳ በአራት የእረፍት ቀን ነው የጻፍኳት። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በእናትዎ የመንደሪን እርሻ አጠገብ ሳልፍ፣ ልጄ በሞተችበት ቤት የልብስ ገመድ ላይ የሴት ልጅ ካልሲ ተሰጥቶ አየሁ። አዲስ የቻይንኛ አስተማሪ አስገብተዋል። ስሟ ልዎ ሚን ነው፤ ከቻይና፣ ከሃርቢን ከተማ የመጣች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ወለሉን የሚያሞቀው የጋዝ ቦይለር ያው ቦይለር ነው፣ የጭስ ማውጫ ቧንቧውም ያው በፕላስተር የተጠቀለለው ቧንቧ ነው። ይህን በጋዜጣ የምጽፈው ያቺ ልጅ እንዳትሞት ነው። ሌላ ጉዳይ የለኝም። ካሣም አልጠይቅም።

ይሁንና ምስጋና ሳላቀርብ ወደ ልመናዬ ብገባ ባለጌ እንዳልባል፣ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ልጄን ናም ሶልሚን «የውጭ አገር መምህራኖቻችን» በሚለው ብሮሹር ላይ ባሕሩን ከበስተጀርባዋ አድርገው ስላወጧት አመሰግናለሁ። እኛ ድንበር ማዶ ካለችው ከያንጂ ከተማ ነን፤ ቋንቋችን ከእናንተ ጋር አንድ ነው፣ ፓስፖርታችን ግን ቻይና ይላል። ስለዚህ ለብሮሹሩ የውጭ አገር ሰው ነበረች፣ ለቤት ድልድል ደግሞ የቤት ልጅ። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት በአዲሱ ሕንፃ ባሕር የሚያይ ክፍል ሲሰጣቸው፣ እሷ በእናትዎ እርሻ ውስጥ ያለው አሮጌ ቤት ደረሳት። ሶልሚ አልተከፋችም። «እማ፣ ለእኔ የባሕር ዕይታ ምን ያደርግልኛል? ብሮሹሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ባሕሩ ዳር ቆሜ የለ!» ብላ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን ቻይንኛ ታስተምር ነበር፤ ወደ ማታ ደግሞ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችን በቻይንኛ «እንኳን ደህና መጡ፣ ክፍልዎ አምስተኛ ፎቅ ነው» ማለት ታስተምር ነበር። በበዓል ቀን፣ ቱሪስቱ በመርከብ ሲራገፍ፣ በወንድምዎ ምግብ ቤት በር ላይ ቆማ እንድታስተረጉም ይልኳት ነበር። ሥራ ፈት እንዳትሆን ስላሰቡላት አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ቤተሰብዎ ለአማልክት ስላለው አክብሮት አመሰግናለሁ። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የምጽፈው ይህን ጋዜጣ ለሚያነቡ ከዋናው ምድር ለመጡ ሰዎች ነው። በደሴታችን በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ያለፈው ዓመት አማልክት ሥራቸውን አስረክበው ወደ ሰማይ ይወጣሉ፤ አዲሶቹ እስኪወርዱ ድረስ ባለችው ሳምንት፣ ሺንጉጋን በምንላት፣ ቤት የሚጠብቅ አምላክ የለም። ሰው ሁሉ ቤት የሚቀይረው፣ ጣሪያ የሚጠግነው፣ ምስማር የሚመታው ያኔ ነው። ከዚያ ሳምንት ውጭ ቤት የነካካ ሰው መዘዙን ራሱ ይችላል። እኔም በዚህ ደሴት በኖርኩበት አሥራ አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ፤ ሦስቱንም በሺንጉጋን ነው። ልማዱን አልነቅፍም።

ሶልሚም ባለፈው ዓመት በዚያችው ሳምንት ገባች። አዲሱን ቦይለር የተከሉት አቶ ሙን በለቅሶው አዳራሽ ጥግ ላይ ወስደው የነገሩኝን ልጻፍልዎ። «እናቴ፣ በዚያ ሳምንት አርባ አንድ ቤት ነበረብኝ፤ የእሷ ሠላሳ ስምንተኛ ነው። የቧንቧው መታጠፊያ አልገጥም አለኝ። በፕላስተር ጠቀለልኩትና ‹መምህርት፣ ለጊዜው ነው፤ ማሰሪያና ማሸጊያ ይዤ እመለሳለሁ› አልኳት። ተመለስኩም እኮ! ፌብሩዋሪ 5 ቀን ተመለስኩ።»

የተመለሱት ግን አማልክቱ ከገቡ በኋላ ነበር። እናትዎ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው።

«ና በሚቀጥለው ሺንጉጋን። ከእንግዲህ ቤቴ ላይ መዶሻ አይነሳም።»

«እማማ፣ መዶሻ አይደለም፤ ማሸጊያ ነው።»

«ማሸጊያስ ቢሆን በእጅ አይደል የሚነካው?»

«ጭሱስ እስከዚያ ይታገሳል?»

«አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ምን ሆንኩ? በል ሂድ፣ ባዶ እጅህን አትሂድ፣ መንደሪን ያዝ።»

አቶ ሙን መንደሪኑን ይዘው ሄዱ። ሶልሚ ጉዳዩን ወደ እርስዎ ስታመጣው «መምህርት ናም፣ የእናቴን ቤት ሕግ እኔ አልለውጥም፤ አንድ ዓመት ምን አላት?» ብለው መለሱላት። እውነትዎን ነው። አንድ ዓመት ምንም የላትም። እሷ አሥር ወር ቆየችባት።

ቤት ልትቀይር ትችል ነበር የሚል አንባቢ ካለ፣ ውሉ በማሠልጠኛው ቤት እንድትኖር ያስገድዳት እንደነበር፣ ሥራውን ብትለቅም የመኖሪያ ፈቃዷ በእርስዎ ፊርማ ላይ እንደተንጠለጠለ ይወቅልኝ። ማንም ሳይከለክላት መውጣት የምትችለው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻም ወጣች።

ሦስተኛ፤ ስለ ሕክምናው አመሰግናለሁ። ፌብሩዋሪና ማርች ራሷን ሲያማት ከረመ፤ ሲሞቅ ቦይለሩ ጠፋ፣ ሕመሙም ጠፋ። ኖቬምበር ላይ የሰሜኑ ነፋስ ሲጀምር ሁለቱም አብረው ተመለሱ። ያ ቧንቧ የሚወጣው በሰሜኑ ግድግዳ ነው፤ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይገፋዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጆች እያስተማረች ጠረጴዛዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንዳትነቃባቸው ተጠንቅቀው ተቀመጡ። እርስዎ ገቡና «ትናንት የት ነው ያመሹት? ወጣት ነዎት፣ ይገባኛል፤ ወላጆች ግን ያያሉ» አሏት። በማግስቱ ደግሞ አዝነውላት አሥር ከረጢት ኃይል ይሰጣል የሚባል የቀይ ጂንሰንግ ሥር ጭማቂ ሰጧት። ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ትጠጣ ነበር። ስምንቱን ጠጥታለች።

አራተኛው ምስጋና ለእርስዎ አይደለም፤ ለራሴ ነው። ግን ቁጥሩ እንዳይዘበራረቅብኝ እዚሁ ላስገባው።

ከመሞቷ አሥራ አንድ ቀን በፊት ደወለችልኝ።

«እማ፣ ቤት ስገባ ራሴን ያመኛል፤ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ይተወኛል። አይገርምሽም?»

«ሥራ ስለሚበዛብሽ ነው።»

«ቧንቧው ይሆን እንዴ? እንደገና ልንገራቸው?»

«ተይ ሶልሚ፣ አሮጊቷን አታስቀይሚያቸው። የሰው አገር ነው። ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ሺንጉጋን ሲደርስ ራሳቸው ያሠሩታል።»

«እሺ እማ» አለችኝ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ የደሴቱን ልማድ ከደሴቱ ሰው በላይ ተምሬ፣ እንግዳ አትባል ብዬ ልጄን እዚያ ቤት ያስቀመጥኳት እኔም ነኝ። እርስዎ አንድ ጊዜ «ትጠብቅ» አሉ፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ሲያነቡ ከእርስዎ የተሻልኩ መስዬ የምናገር አይምሰልዎት። ልዩነታችን እኔ ሦስተኛ ጊዜ «ትጠብቅ» አለማለቴ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ወረቀቱ አመሰግናለሁ። መርማሪዎቹ ሲመጡ እርስዎ ቀድመው ተገኝተው፣ የእኛ አገር ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ የጋዝ ምድጃ ቤት ውስጥ ሾርባ ማፍላት እንደምንወድ አስረዷቸው። ክፍሉ ውስጥም ምድጃ ተገኘ። የምርመራው ወረቀት «በጠረጴዛ ምድጃ ጭስ፣ በራስ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ምድጃውን ከልብሶቿ ጋር በከረጢት አስረከቡኝ። ከካርቶኑ አልወጣም፤ የካርቶኑ ማሸጊያ አልተቀደደም። ዲሴምበር 8 ልደቴ ነበርና ለእኔ ልታበስልልኝ የገዛችው ነው። ካርቶኑን ይዤ ሄጄ አሳየሁ፤ «እናት፣ ወረቀቱ ተዘግቷል» አሉኝ። ካርቶኑም ተዘግቷል አልኳቸው። አልሳቁም።

ለለቅሶው የላኩትን የአበባ ጉንጉንም አልረሳሁም። የማሠልጠኛው ስም በሪባኑ ላይ ከልጄ ስም በእጥፍ በሚበልጥ ፊደል ተጽፎ ስለነበር፣ ሩቅ የተቀመጡትም ማን እንደላከው ለማንበብ አልተቸገሩም።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ።

ካልሲውን ባየሁ ማግስት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ልዎ ሚንን ጠበቅኋት። በቻይንኛ ሰላም ስላት ደስ ብሏት «አክስቴ!» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አክስቴ፣ ዳይሬክተሩ ስለ እርስዎ ነግረውኛል። ሐዘን እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴም አያቴ ስትሞት እንደዚሁ ሆና ነበር።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«ትንሽ። ውሃው ስለተለወጠብኝ ነው።»

«አውቶቡስ ላይ ስትወጪስ?»

ፊቷን መልሳ አውቶቡሱ የሚመጣበትን መንገድ ማየት ጀመረች። እኔ ጋ መጥታ እንድትተኛ ለመንኳት፤ ውሉ አይፈቅድም አለች። መስኮቱን ትንሽ ከፍታ እንድትተኛ ለመንኳት፤ «ብርድ ነው እኮ አክስቴ» አለች፣ ግን እሺ አለችኝ። በማግስቱ መርዘኛ ጭስ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ገዝቼ ሰጠኋት፤ በምስማር ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በመጀመሪያው ማታ ቦይለሩ በበራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጮኸ። እናትዎ ሮጠው መጡ። የጠየቁት ግን ለምን እንደጮኸ አልነበረም። «ምስማሩን ማን መታው? አሁን በዚህ ወቅት ምስማር!» ብለው ምስማሩን ከነመሣሪያው ነቀሉት። ልዎ ሚን ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ተበላሽቶ ነው ተባለች። እርስዎም መሣሪያውን ባትሪውን አውጥተው፣ ከሁለት መንደሪን ጋር በከረጢት አድርገው በሰው ላኩልኝ። ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ ደወሉልኝ። «እናቴ፣ ሐዘንዎን እረዳለሁ፤ ግን ሠራተኞቼን አያስፈራሩብኝ። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ሺንጉጋን በገባ በመጀመሪያው ቀን ቧንቧውን አሠራዋለሁ፤ ቃሌ ነው» አሉኝ።

ቃልዎን አምናለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ብዙ ስላልተማርኩ ይሆናል። ልጄን የገደላት የጠረጴዛ ምድጃ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ምንድን ነው?

አማልክቱ የሚወጡት ጃንዋሪ 25 ነው። ከዛሬ እስከዚያ ድረስ አሥራ ስድስት ሌሊት አለ። የአየር ትንበያው ሰሜን ነፋስ ይላል። ጋዝ የሚቆጣጠሩት ቢሮ ሄጄ ነበር፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አንገባም፣ ደግሞም እስከ ሺንጉጋን ተራ ሞልቷል አሉኝ። አቶ ሙንም «እናቴ፣ እኔ የምኖረው እዚሁ መንደር ነው፤ ያለ እማማ ፈቃድ መሰላል ባቆም ነገ ማን ያሠራኛል?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ነገር ግን ማሰሪያውንና ማሸጊያውን ሰጡኝ፣ በሆቴሉ ማጠቢያ ክፍል ቧንቧ ላይም ሦስት ጊዜ አሠሩኝ። ሦስተኛው ላይ «ከእኔ ይሻላል» አሉኝ። አንሶላ ስታጥፍ የኖረች እጅ ማጥበቅ ታውቃለች።

ስለዚህ ጃንዋሪ 11 ቀን፣ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ መሰላል ተሸክሜ እመጣለሁ። ተደብቄ አይደለም፤ በጋዜጣ ተናግሬ ነው የምመጣው። እናትዎ እንዳይሰጉ ይንገሩልኝ፤ ቤቱን የነካሁት እኔ ብቻ መሆኔን በእጄ ጽፌ፣ በማኅተሜ አትሜ፣ የቤቱ አማልክት እንዲያነቡት በሩ ላይ እለጥፋለሁ። መዘዙ በነካው ሰው ላይ ነው የሚወርደው አይደል? ይውረድ። የሚወስደው ነገር ቀርቶልኝ ከሆነ ይፈልገው። ፖሊስ ጠርተው ካስያዙኝም አልቀየምም፤ ምን ልሠራ እንደወጣሁ ወረቀት ላይ መጻፋቸው አይቀርምና፣ ያኔ ቢያንስ ቧንቧው ስሙ በአንድ ወረቀት ላይ ይገባል።

የእርስዎን ውድ ጊዜ በረጅም ደብዳቤ ስለወሰድኩ፣ የተማረ ሰው በአንድ ገጽ የሚጨርሰውን በዚህ ሁሉ ስላንዛዛሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መሬቱ የሚያዳልጥ ስለሆነ የመሰላሉን እግር የሚይዝልኝ አንድ ሰው እንዲመድቡልኝ፣ ሰው ካጡም ራስዎ እንዲይዙልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣
አንሶላ አጣፊዋ፣ የናም ሶልሚ እናት፣
ባንግ ግምሱክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የቀሩትን ሁለት የጂንሰንግ ከረጢቶች ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር መልሼልዎታለሁ። ሺንጉጋንን ሲጠብቁ ራስዎን ካመመዎት ጠዋት ጠዋት አንድ ይጠጡ። ልጄ ላይ ያደረጉትን ያውቃሉ።

ይህን ለምታነቡ ሰዎች ደግሞ፦ ጃንዋሪ 19 ልጄ ከሞተች አርባ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ያን ቀን ነፍሷ ወደ ወዲያኛው ዓለም መንገዷን ትጨርሳለች ይላሉ። በየትኛውም እምነት ብትሆኑ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ግድ የለም፣ ሁሉንም ለመማር ትሞክር ነበር፣ ስሟን ጠርታችሁ ጸልዩላት፤ ናም ሶልሚ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ለልዎ ሚን ግን አደራ እንዳትጸልዩላት። እሷ በሕይወት አለች። ለእሷ ቅዳሜ መጥታችሁ መሰላሉን ያዙልኝ።